ስሜንና ስልኬን ነግሮኛል፤ ታዲያ እንዴት ሐሰተኛ ይሆናል?

ጥያቄው አጠር ሲል ይህን ይመስላል፦

«መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከስድስት ወር በፊት አንድ ነቢይ የሚያገለግሉበት ጉባኤ ሄጄ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔን አስነስተው ስሜን፣ የስልኬን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የእናቴን ሕመም ነገሩኝ። በጣም አለቀስኩ። በሦስት ወር ውስጥ ትዳር ይመጣልሻል፣ እናትሽም ትድናለች አሉኝ። ሁለቱም አልሆነም። ስጠይቅ ‹ዘርሽ አንሷል› ተባልኩ፤ ዘር የሚሉት የምሰጠውን ገንዘብ ነው። አሁን የሦስት ወር ደመወዜን እንድዘራ ይፈልጋሉ፣ ካልሆነ እርግማኑ በእናቴ ላይ ይጸናል ብለውኛል። ጓደኛዬ ሐሰተኛ ነው ትለኛለች። ታዲያ ስሜን እንዴት አወቁ? ደግሞስ የተቀባ ሰውን መጠራጠር ራሱ ኃጢአት አይሆንብኝም?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይሆንብሽም። አንቺ መጠራጠር ያልሽውን መጽሐፍ ቅዱስ መመርመር ይለዋል፤ ያውም ትእዛዝ ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ» ይልና ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ «ሁሉን ፈትኑ» ብሎ ይቀጥላል (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥19-21)። የመጀመሪያውን ግማሽ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተሻል? ሁለተኛውንስ? በቆሮንቶስ ጉባኤም ሥርዓቱ ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይለያሉ የሚል ነበር (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29)። «አሜን ተቀበልኩ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ ብቻውን አይበቃም ነበር ማለት ነው።

ገንዘቡን ደግሞ ለጊዜው አትላኪ። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ቢቆይ ማንም አይሞትም።

አሁን ወደ ስምሽና ወደ ስልክሽ። የልብሽ ቋጠሮ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ዘዳግም 13ን ክፈቺ። ሙሴ የሚያወራው ስለ አንድ ነቢይ ወይም ሕልም አላሚ ነው። ሰውየው ምልክት ይናገራል፣ ምልክቱም ይፈጸማል። ልብ በይ፣ ሙሴ «አታለላችሁ» ወይም «በተንኮል ነው» አይልም። ተፈጸመ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሰው «ሌሎች አማልክትን እንከተል» ካለ አትስሙት ይላል። እግዚአብሔር ትወዱት እንደሆነ እየፈተናችሁ ነውና። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ አያውቀውም፤ ስለዚህ አንድ ነገር «ልክ ከሆነለት» ሰውየውን በሙሉ አምኖ ይረከባል። ሙሴ ግን ትክክል የሆነ ምልክትን እንኳ እንደ መታወቂያ ወረቀት አልተቀበለውም።

ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ደግሞ በፊልጵስዩስ የምትኖር አንዲት አገልጋይ ልጅ አለች። የምዋርት መንፈስ አለባት። ጳውሎስንና ጓደኞቹን እየተከተለች «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው፣ የመዳንን መንገድ ይነግሯችኋል» ብላ ትጮኻለች። ከዚህ ውስጥ የቱ ውሸት ነው? አንዱም። ለብዙ ቀን እንዲህ አደረገች። ጳውሎስ ግን በነፃ ያገኘሁት ማስታወቂያ ነው ብሎ ደስ አላለውም፤ አዘነና መንፈሱን አስወጣ። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ ቀጥሎ ያስቀመጣት አንዲት ነገር አለች፦ ጌቶቿ የተቆጡት የትርፋቸው ተስፋ እንደወጣ ባዩ ጊዜ ነው። የልጅቱ መዳን ጉዳያቸው አልነበረም፤ ገቢው ነው የቆመባቸው።

ይህን የምልሽ ነገሩ በእርግጥ መንፈሳዊ ኃይል ቢኖርበት እንኳ ማረጋገጫ እንደማይሆን እንድታዪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ ከዚህ በጣም ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ፒተር ፖፖፍ የሚባል የቴሌቪዥን ሰባኪ የማያውቃቸውን ሰዎች በስም እየጠራ፣ አድራሻቸውንና ሕመማቸውን እየተናገረ አዳራሽ ያስለቅስ ነበር። ጄምስ ራንዲ የተባለ የመድረክ ምትሀተኛ ከባልደረቦቹ ጋር የሬዲዮ መቀበያ ይዞ አዳራሹ ገባ። ሰባኪው ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ነበረችው። ሚስቱ ከመድረኩ ጀርባ ሆና፣ ሰዎቹ ራሳቸው ከጉባኤው በፊት የሞሉትን የጸሎት ካርድ ታነብለት ነበር። ድምፁ ተቀዳ፣ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። ሰባኪው በዓመቱ ኪሳራ አወጀ። (በኋላ ግን ተመልሶ ቴሌቪዥን ላይ መጣ፣ ተመልካችም አላጣም። ይህኛው ከማዳመጫዋ ይልቅ ይገርመኛል።)

ዛሬ ማዳመጫም አያስፈልግም። እስቲ ትዝ ይበልሽ፦ ስትገቢ ስምና ስልክ አስመዝግበሻል? የጸሎት ርእስ ጽፈሽ ሰጥተሻል? የጉባኤው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነበርሽ? «እናቴን በጸሎት አስቡልኝ» ብለሽ ፌስቡክ ላይ ለጥፈሽ ታውቂያለሽ? ወረፋ ስትጠብቂ አጠገብሽ የተቀመጠች ደግ ሴት «የኔ እህት፣ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብላሽ ነበር? የስልክሽ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ብቻ መነገራቸውም ያሳስበኛል። እግዚአብሔር ሁሉንም ያውቃቸዋል። አራት ቁጥር ለመሸምደድ የሚመች ልክ ነው።

ከዚህ ሌላ ማንም ሳይሰልልሽ የሚሠራ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጠ። ከዚያ «ይህ የአንተ ውጤት ነው» እያለ ለእያንዳንዱ ወረቀት አደለና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። በኋላ ሲገለጥ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር። «ከውጭ ጠንካራ ትመስላለህ፣ ውስጥህ ግን ይጨነቃል» ዓይነት ቃል ሁሉም ሰው የራሱ ያደርገዋል። አሁን «ልብሽን የሰበረ የቅርብ ሰው አለ»፣ «በቤተሰባችሁ ላይ የቆየ ነገር ይታየኛል» የሚሉትን ትንቢቶች በዚህ ዓይን ስሚያቸው።

የትኛውም ይሁን፣ አንቺ «ስሜን እንዴት አወቀ?» የሚለው ላይ ተቸንክረሽ ቀርተሻል። ሙሴ የሚጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ስምሽን ከጠራ በኋላ ወዴት ወሰደሽ? ከጻፍሽው እንደማየው ወደ ፍርሃትና ወደ ደመወዝሽ ነው የወሰደሽ።

«የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለውን ጥቅስም ሳይነግሩሽ አልቀሩም። የተቀባ ሰው ማለትሽ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። መዝሙር 105 ነው (በአንዳንዱ ቁጥር 104)፣ ቁጥር 15። ሁለት ሦስት ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሺ። የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ ከአገር አገር ሲንከራተቱ እግዚአብሔር ነገሥታቱን ገሠጸላቸው ይላል። ማለትም ቃሉ ለኃያላኑ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መጠጊያ የሌለውን መንገደኛ እንዳይጎዱ። ዛሬ ኃያሉ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ጥያቄ ላላት ምስኪን ሲጠቅሰው ነገሩ ተገልብጧል። አንዳንዱ ደግሞ ዳዊት ሳኦልን አልነካም ይላል። እውነት ነው፣ በሰይፍ አልነካውም። ግን ከዋሻው ወጥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ «ማንን ታሳድዳለህ፣ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» አለው (1ኛ ሳሙኤል 24)። ራሱ ዳዊት የተቀባ ንጉሥ ሆኖ ሲበድል ነቢዩ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃወመው። ከጴጥሮስ በላይ የተቀባ ማን መጣና ነው?

ያልተፈጸመው ትንቢትስ? ዘዳግም 18 ግልጽ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም፣ ነቢዩ በድፍረት ተናግሮታል። የመጨረሻዋ ቃል ደግሞ ለአንቺ የተጻፈች ትመስላለች፦ እርሱን አትፍራው። «ዘርህ አንሶ እንደሆነ ተመልከት» የሚል ነገር እዚያ የለም።

እዚህ ላይ ታማኝ ልሁን፣ ሁኔታ ያለበት ትንቢት አለ። ዮናስ ነነዌ በአርባ ቀን ትገለበጣለች ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ንስሐ ገባ፣ አልተገለበጠችም። ኤርምያስ 18 ሕጉን ያብራራዋል። ግን አስተውይ፦ እዚያ ሁኔታው ከክፋት መመለስ ነው። ለዮናስ የተከፈለ ነገር የለም። እንዲያውም ሰውየው ትንቢቱ ባለመፈጸሙ ኮርፎ ከከተማው ውጭ ተቀምጧል!

ሰዓቱን ያለፈ ትንቢት ይዞ ምን እንደሚደረግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሃሮልድ ካምፒንግ የሚባል አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰባኪ ጌታ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2011 ይመጣል ብሎ በዓለም ዙሪያ አስነገረ። ቀኑ አለፈ። ወደ ጥቅምት 21 አዛወረው። ያም አለፈ። ይህ ሁሉ «ያችን ቀን ማንም አያውቃትም» የሚለው ማቴዎስ 24፥36 በእጁ እያለ ነው። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ቀን መቁጠሩ ስሕተትና ኃጢአት እንደነበረ በይፋ አመነ። እንግዲህ የአንቺው ሰው ከዚህም ያነሰ ነው ያደረገው፤ የራሱን ቃል መውደቅ አንቺ ላይ ጫነው።

አሁን አንድ ታሪክ በዝግታ አንብቢልኝ፤ ኤርምያስ 28 ነው። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 594 ገደማ፣ በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ ዘመን። ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር አንገቱ ላይ አድርጎ ይዞራል፤ ለባቢሎን ተገዙ፣ ነገሩ ረጅም ነው እያለ። የሚወደው ሰው አልነበረም። ከዚያ የዓዙር ልጅ ሐናንያ፣ የገባዖን ሰው፣ በመቅደሱ ውስጥ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይነሣል። «የእስራኤል አምላክ እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ይላል። ኤርምያስ የሚጠቀምባትን ቃል አንድም ሳያጓድል። በሁለት ዓመት ውስጥ የቤተ መቅደሱ ዕቃ ይመለሳል፣ ምርኮኞቹም ይመለሳሉ። የሕዝቡን ደስታ ገምቺ። ኤርምያስ ምን አለ? «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ» አለ። እሱም ቢሆን ይመኘው ነበር። ቀጥሎ ግን የሰላም ትንቢት የሚናገር ነቢይ ቃሉ ሲፈጸም ያን ጊዜ ይታወቃል ብሎ አስቀመጠው። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ነጥቆ ሰበረው። እንዲህ ያለ ትዕይንት የሚረሳ ሰው የለም። ኤርምያስ ግን መንገዱን ሄደ። ይህችን ቦታ በጣም እወዳታለሁ። የመልስ ምት የለም፣ ክርክር የለም፣ ዝም ብሎ ሄደ። ቆይቶ ቃል ሲመጣለት ተመልሶ የእንጨቱን ሰብረሃል፣ በምትኩ ግን የብረት ይሆናል አለው፤ እግዚአብሔር ሳይልክህ ይህን ሕዝብ በሐሰት እንዲታመን አድርገሃል አለው። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ሐናንያ በኣልን አልጠራም። ጣዖት አላቆመም። የተጠቀመው የእግዚአብሔርን ስም፣ የእግዚአብሔርን ቤትና የሕዝቡን ምኞት ነው። ትዳርና የእናት ጤና እንዲሁ ናቸው፤ የተቀደሱ ምኞቶች ናቸው፣ ለዚህም ነው በእነሱ በኩል የሚገባው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አላብራራም፣ ምክንያቱም በጣም ግልጽ ነው። ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጹ ካነጻው በኋላ ስጦታውን አልቀበልም ብሎ ማለ። ሎሌው ግያዝ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፣ ለምጹም እሱ ላይ ተጣበቀ (2ኛ ነገሥት 5)። ሚክያስ 3 ላይ በጥርሳቸው የሚነክሱት ሲያገኙ «ሰላም» የሚሉ፣ በአፋቸው ያላጎረሳቸው ላይ ግን ጦርነት የሚያውጁ ነቢያት አሉ። እርግማኑ በእናትሽ ላይ ይጸናል ያለሽ ሰው ከዚህ በምን ይለያል? እርግጥ በጥንት ዘመን ለነቢይ ስጦታ ይዞ መሄድ ነበር፤ የሳኦል ሎሌም የሰቅል ሩብ ይዞ ነበር። አገልጋይን መደገፍም ነውር የለበትም። ስጦታና ቤዛ (የተያዘን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ገንዘብ) ግን አንድ አይደሉም። «ካልከፈልሽ እናትሽ» የሚለው ቤዛ ነው።

የሰራፕታዋን መበለት ይጠቅሱልሻል፤ የመጨረሻ ዱቄቷን ለኤልያስ ሰጠች ብለው። አዎ ሰጠች። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፦ እሷም፣ እሱም፣ ቤተሰቧም ብዙ ቀን ከዚያው ማድጋ በሉ። ኤልያስ ዱቄቱን ተቀብሎ በመኪና አልሄደም።

ከሐዋርያት በኋላ ብዙም ሳይርቅ የተጻፈ ዲዳኬ የሚባል አጭር የሥርዓት መጽሐፍ አለ። እንግዳ ነቢይ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለውን በተራ ቋንቋ ያስቀምጠዋል፦ በመንፈስ ሆኖ «ገንዘብ ስጡኝ» ካለ አትስሙት፤ ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ካለ ግን አትፍረዱበት። በመንፈስ ማዕድ ካዘዘና ራሱ ከበላበትም ሐሰተኛ ነው። እነዚያ ሰዎች ቀልድ አያውቁም ነበር።

አሁን በቃሉ መጽናት ወደሚባለው ልምጣ። ብዙ ሰው «መጽሐፍ ቅዱስ አንብቡ» ሲባል የሚያነበው ቁርጥራጭ ነው፤ ስልክ ላይ በፎቶ የሚላኩ ጥቅሶች። ለምሳሌ ኤርምያስ 29፥11፣ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ አውቃለሁ»። የት የተጻፈ ነው? ለባቢሎን ምርኮኞች በተላከ ደብዳቤ ውስጥ። ከእሱ አንድ ቁጥር ቀድሞ 70 ዓመት ይላል። ከዚያም በፊት ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ አግቡ፣ በመካከላችሁ ያሉ ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ሐናንያ ሁለት ዓመት ባለበት ጉዳይ ላይ የመጣ የ70 ዓመት ደብዳቤ ነው! ያንን ቁጥር «በዚህ ወር ትገባለህ» ለማለት የሚጠቀም ሰው ሐናንያን በኤርምያስ ድምፅ እያናገረው ነው። ይህን ለማወቅ ግሪክና ዕብራይስጥ አያስፈልግም። ከላይና ከታች አሥር ቁጥር ማንበብ ይበቃል። የቤርያ ሰዎችም ያደረጉት ይኸው ነው፤ ጳውሎስ የነገራቸው እንደዚያ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ሉቃስም ልበ ሰፊዎች ነበሩ ብሎ አመሰገናቸው እንጂ ተጠራጣሪዎች አላላቸውም።

ሌላው ደብተር ነው። አንድ ወንድም የተነገሩትን ትንቢቶች ሁሉ ቀን እየጻፈ ያኖር ነበር፤ አንድ ቀን ይዞት መጣና አብረን ተቀመጥን። በእርሳስ «ይህ ባይሆን እንዴት እናውቃለን?» እያልን ገጽ በገጽ ሄድን። «በር ይከፈትልሃል።» የቱ በር? መቼ? «ጠላቶችህ ያፍራሉ።» የትኞቹ? እንዲህ እንዲህ እያልን አብዛኛው ገጽ ተሰረዘ፤ ውሸት ሆኖ አይደለም፣ ውሸት ሊሆን እንኳ የማይችል ሆኖ ነው። ሊመረመሩ የሚችሉ ሦስት ብቻ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ሆኗል፦ ሥራ። ያንንም ማመልከቻ ማስገባቱን ለጸሎት ቡድኑ ከተናገረ በኋላ የተነገረው ነበር። ሰውየው ደብተሩን ዘግቶ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እስከዛሬ የማስታውሰው ያቺን አንዷን ብቻ ነው» አለኝ። አንቺም ጻፊ። የተባልሽውን ቃል በቃል፣ ከነቀኑ።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። የተሳሳተ ሁሉ ሐሰተኛ ነቢይ አይባልም። ጥቅስ ያጣመመ ወጣት ሰባኪ ሲነገረው ከተመለሰ ተማሪ ነው። እኔም ድሮ ያስተማርኳቸውና ዛሬ የማፍርባቸው ነገሮች አሉ። የምትለዪው ሲጠየቅ በሚያደርገው ነው። ይህ ሰው ስትጠይቂው እናትሽን መያዣ አደረጋት።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ? መድረክ ላይ ሄደሽ አትከራከሪ፤ ማይክራፎኑ በእሱ እጅ ነው። ከእነሱ ዘንድ የሚደውሉልሽ ካሉ አታስረጂያቸው፣ ቁጥራቸውን ዝጊ። የላኩልሽን መልእክት ግን አታጥፊ፤ በእናትሽ ላይ የተነገረው ማስፈራሪያ በጽሑፍ ካለ አስቀምጪው። እናትሽ ሕክምና ላይ ከሆነች ይቀጥል፤ «መድኃኒቱን አቁሚ፣ እምነትሽን አሳዪ» ያላት ሰው ካለ ዛሬውኑ ንገሪኝ። ለጓደኛሽ ደውዪና አመስግኛት። ፍርሃቱ ወዲያው አይለቅሽም፤ ሌሊት ላይ «እውነት ቢሆንስ?» ይልሻል። ያን ጊዜ ዘዳግም 18፥22ን ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ቃል ሁለት ጊዜ።

ከዚያ እናትሽ ጋ ሂጂና ኤርምያስ 28ን አብራችሁ አንብቡ። አሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው። ሐናንያ ቀንበሩን ሰብሮ ኤርምያስ መንገዱን የሄደበት ቦታ ስትደርሱ ቁም በይና እናትሽን ምን እንደተሰማት ጠይቂያት። መልሷን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።